ማንበብ የማይችለው ሰው የሠራው ፊደል፦ ሴኮያና ቼሮኪዎች

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቼሮኪ ስል ግማሾቻችሁ መኪናዋ እንደመጣችባችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ጂፕ ቼሮኪ። ቼሮኪ ግን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። የመንግሥታቸው፣ የቼሮኪ ኔሽን፣ ዋና መሪ በ2021 ስማችንን ከመኪናው ላይ አንሱልን ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ እኔ ለሰውዬው እፈርዳለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ኮሜንት ላይ እንዳታርሙኝ።)

ዛሬ ግን ስለ አንድ ብር አንጥረኛ ነው የማወራው። ሴኮያ ይባላል፣ ቼሮኪ ነው። በ1770ዎቹ ገደማ ዛሬ ቴነሲ በምንለው አገር ተወለደ። በእንግሊዝኛ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ነጮቹ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርገው ሲላላኩ አየ፣ ይሄ ነገር እኛንም አያቅተንም ብሎ ተነሳ።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ሊሰጥ ሞከረ። አስቡት፣ ለቃል ሁሉ! ምልክቱ በዛ፣ ማን ያስታውሰው፣ ተወው። ሐሳቡን ግን አልተወም። ዓመታት አለፉ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ጎረቤት አበደ አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠንቋይ ነው አለ። ሚስቱ የጻፈውን ሰብስባ አቃጠለችበት የሚል ታሪክም አለ። እኔ አልፈርድባትም፣ እርሻው ጦም እያደረ ባል ወረቀት ላይ ሲሞነጫጭር ማን ይታገሣል?

በመጨረሻ ዘዴው ተገለጠለት። ቃልን ሳይሆን ድምፅን መጻፍ። ቃሉን ስትቆራርጠው የሚወጡት ቁርጥራጮች ጥቂት ናቸው፣ እየተደጋገሙ ነው የሚመጡት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ምልክት። በ1821 ጨረሰ። መጀመሪያ 86 ነበሩ፣ በኋላ አንዱ ወደቀና 85 ሆኑ። አለቀ። ቴክኒኩ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ ፈረንጅ ዩቲዩበሮች ሃያ ደቂቃ ይለፋሉ። ለተመልካቻቸው አንድ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል ብለው ማስረዳት አለባቸው። እኔ ግን የማወራው ከእናንተ ጋር ነው፣ ፊደል ገበታ ላይ በስንጥር እየጠቆማችሁ ካደጋችሁት ጋር። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ። በቃ! የቼሮኪም እንደዚሁ ገበታ አለው። ወደ ጎን ላ፣ ሌ፣ ሊ፣ ሎ፣ ሉ ይልና ስድስተኛው በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። አናባቢያቸው ስድስት፣ የኛ ሰባት። ገበታውን ስክሪኑ ላይ አድርጌላችኋለሁ፣ ቪዲዮውን አቁሙና እዩት።

ልዩነቱ ግን ይጣፍጣል። የኛ ፊደል ቤተሰብ ነው። ለ ከነልጆቹ ይተዋወቃል፣ ሉ ጎኑ ላይ ትንሽ እጅ ያወጣል፣ ሊ እግሩ ላይ ይጨምራል። አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ትገምታላችሁ። የሴኮያ ገበታ ላይ ግን ማንም ከማንም አይዛመድም። ላ የእንግሊዙን ደብልዩ ይመስላል፣ ሉ ኤምን ይመስላል፣ እዚያው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የማይተዋወቁ ሰዎች! ስለዚህ ሁሉንም በቃል መያዝ ነው። ቢሆንም የነሱ 85 ነው፣ የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ማን ለማን ይዘን?

ሌላም አለ። እኛ መጥበቅና መላላት አንጽፍም፣ ገናን በዓሉም ይሁን ሌላው አንባቢው ይወቀው ብለን እናልፋለን። እነሱም የድምፁን መርዘምና የቃናውን ከፍና ዝቅ አይጽፉም። ቋንቋውን የሚያውቅ ያነበዋል፣ የማያውቅ ይደናበራል። ለዚህ ነው ቼሮኪኛ የሚናገር ሰው ፊደሉን በአጭር ጊዜ ይይዘው የነበረው።

እሺ፣ አሁን ኮሜንቶቹ። ገበታውን ባለፈው ስለጥፈው የመጣውን ጉድ አይታችኋል። «ይሄማ የኛ ግዕዝ ነው!» «አባቶቻችን አሜሪካ ድረስ ሄደዋል ማለት ነው!» ሁለት ማስረጃ ቀርቧል፣ አንዱ ሀን ይመስላል፣ አንዱ ፀን ይመስላል። ይመስላሉ፣ አልካድኩም። ግን ሀ የመሰላችሁ ሳ ተብሎ ነው የሚነበበው። ፀ የመሰላችሁ ና ነው። የእንግሊዙን ዲ የሚመስለው አ ነው፣ አርን የሚመስለው ኤ፣ ኤችን የሚመስለው ሚ ነው። አራት ቁጥርን የሚመስልም አለ፣ ሴ ይባላል። መልክ ብቻ ከሆነ ማስረጃው፣ ፊደሉ የእንግሊዝም የሒሳብ መምህሩም ነው ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሴኮያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አይቷል፣ ማንበብ ስለማይችል ቅርጹን ወስዶ ድምፁን ከራሱ ሰጠው። ብዙዎቹን ቅርጾች ደግሞ ራሱ ፈጠረ፣ ለኅትመት ሲዘጋጁም ተሻሻሉ። ቋንቋው ኢሮኳዊ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፣ ከሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የለውም። ቆይ ግን፣ የራሳችን ፊደል አንሶን ነው የሰው ፊደል የምንወርሰው? ፈረንጅ የላሊበላን ሕንፃ ሌላ ሰው ሠራው ሲል የምንናደደውን ያህል እዚህም እንናደድ እንጂ።

ወደ ሰውዬው። ማንም ሊማርለት ስላልፈለገ ትንሿን ልጁን አዮካን አስተማረ። የስድስት ዓመት ልጅ ገደማ ናት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ። አባትየው ይርቃል፣ ሰዎቹ የፈለጉትን ለልጅቷ ይነግሯታል፣ ትጽፋለች፣ አባት ተጠርቶ ያነበዋል። ደግሞ በተቃራኒው። ጥንቆላ ያሉት ሰዎች ቁጭ ብለው መማር ጀመሩ። በ1825 የቼሮኪ ኔሽን ፊደሉን በይፋ ተቀበለ። በየካቲት 1828 ጆርጂያ ውስጥ ኒው ኤቾታ በምትባለው ዋና ከተማቸው ቼሮኪ ፊኒክስ የተባለ ጋዜጣ ወጣ፣ በቼሮኪኛና በእንግሊዝኛ። ለማተሚያው ከእርሳስ ብረት የተሠሩት ፊደላት ቦስተን ነው የተቀረጹት።

አትላንታ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄ ቦታ አጠገባችሁ ነው! በሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን ንዱ፣ ካልሁን ጋ ውጡ። ማተሚያ ቤቱን መልሰው ሠርተውታል። በ1954 እዚያ ሲቆፈር የቼሮኪ የእርሳስ ፊደላት ከአፈር ወጥተዋል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበለው። ጋዜጣ አላቸው፣ በ1827 የጸደቀ ሕገ መንግሥት አላቸው፣ ፍርድ ቤት አላቸው። ሠልጥኑ ተባሉ፣ ሠለጠኑ። ምን ጠቀማቸው? በ1830 ኮንግረሱ የማፈናቀል ሕግ አወጣ። በ1832 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ፈረደላቸው፣ ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ። በ1835 ጥቂት ሰዎች ሕዝቡ ሳይወክላቸው መሬቱን በውል ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ የጋዜጣው የመጀመሪያ አዘጋጅ ኤልያስ ቡዲኖት ነው። መሪያቸው ጆን ሮስ የሺዎችን ስም የያዘ አቤቱታ ይዘው ተቃወሙ፣ ሰሚ አልተገኘም። በ1838 ወታደር መጣ። ወደ 16 ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተነዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ግምት 4 ሺህ ነው። ቡዲኖትን በ1839 የገዛ ወገኖቹ ገደሉት።

ዛሬ በፌዴራል መንግሥቱ የታወቁ ሦስት የቼሮኪ መንግሥታት አሉ፣ ሁለቱ ኦክላሆማ፣ አንዱ ተራራ ላይ ከቀሩት ወገኖች የወጣው ሰሜን ካሮላይና። ትልቁ ቼሮኪ ኔሽን ከ450 ሺህ በላይ ዜጎች አሉት። ዋና ከተማው ታሌኳ ውስጥ የመንገድ ምልክቱ በሴኮያ ፊደል ተጽፏል። ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚያውቁበት የዓለም መዝገብ ውስጥ፣ የገባውም በ1999 ነው፣ ከማን ጋር? ከግዕዝ ጋር፣ በአንድ ቨርዥን። ይሄንን ዝምድና ልትፎክሩበት ትችላላችሁ።

ቋንቋው ግን ታሟል። አቀላጥፎ የሚናገረው 2 ሺህ ሰው ገደማ ነው፣ አብዛኞቹ አዛውንት። በ2019 ሦስቱም የቼሮኪ መንግሥታት ተሰብስበው ለቋንቋው የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በታኅሣሥ 2020 የኮቪድ ክትባት ሲደርሳቸው ቼሮኪ ኔሽን ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩትን ከሐኪሞቹ ጋር ከመጀመሪያው ረድፍ አሰለፈ።

ቼሮኪዎች ራሳቸው ባሪያ ነበራቸው ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ አዎ ነበራቸው። የነዚያ ባሪያዎች ልጆች ዜግነት ጉዳይ ከ1866ቱ ውል እስከ 2021 ድረስ ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ኖሯል። የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው። ሰብስክራይብ ሳታደርጉ ነጻ የምታዩ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ቻው።