መስኮቱ ይዘጋ ወይስ ይከፈት? የተርኪና የዶሮ መተንፈሻ በሽታዎች

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንቀዳው ሱሉልታ፣ ጋሽ ታደሰ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ነው። ባለፈው በገባነው ቃል መሠረት ርዕሳችን የዶሮ ኮሌራ ነው። ጋሽ ታደሰ፣ ከምልክቱ ይጀምሩልን።

ታደሰ፦ እጀምራለሁ። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ትልቁ ወንድ ተርኪ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመና፣ አምና በነሐሴ ፊቱ እንዴት አብጦ እንደነበር ትዝ አለኝ። እሱን ሳልናገር ሌላው አይወጣልኝም። ከዓይኑ ሥር በሁለቱም በኩል ተነፍቶ ዓይኖቹ ተደፍነው ነበር፤ መኖ ቢቀርብለት አያየውም፤ ሌሊት ሲተነፍስ የሚያሰማው ሲርሲርታ መኝታ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር።

ሂሩት፦ ያን ጊዜ ደውለውልኝ ፈንግል ነው ብለውኝ ነበር።

ታደሰ፦ ሁላችንም ፈንግል ነው አልን። በእኛ አካባቢ ዶሮ ካስነጠሰች ስሙ ፈንግል ነው፤ ጎረቤቶቼም አዝነውልኝ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይዘው መጡ። ፈንግል ግን የቫይረስ በሽታ ነው፤ ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ሲገባ አንገት እየጠመዘዘ በጥቂት ቀናት ያረግፋል። የእኔዎቹ ሦስት ሳምንት ማቀቁ እንጂ አልረገፉም። ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ፔኒሲሊን ተሰጠኝ፤ አምስት ቀን ሙሉ ብሰጥም አንዳች ለውጥ አላየሁም። በመጨረሻ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን ነገረችኝ። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይገነባ በመከልከል ነው፤ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከፍጥረቱ ግድግዳ የለውም። አምስት ቀን የደከምኩት በከንቱ ነበር፤ ለእነዚያ እንስሳት አምስት ቀን ብዙ ነው።

ሂሩት፦ አብረው ያድሩ የነበሩት ዶሮዎችስ?

ታደሰ፦ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ዶሮዎቹ አልፎ አልፎ ከማስነጠስ በቀር እንቁላላቸውን ይጥሉ ነበር። በሽታው ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ ተርኪ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ደህና የምትመስል ዶሮ እንዳታስተላልፍበት፣ ተርኪና ዶሮ በአንድ ቤት አይደሩ። ታይሎሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጥተን እብጠቱ ጎደለ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ተዋሲውን ከመንጋው ጨርሶ አያወጣም፤ በእንቁላልም ወደ ጫጩት ይተላለፋል። ከዚያ መንጋ አንድም እንቁላል አላስፈለፈልኩም።

ሂሩት፦ መድኃኒት ላይ ያሉ ዶሮዎች እንቁላልም፣ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው የሚወጣበት ጊዜ እስኪያልፍ፣ መበላት የለበትም።

ታደሰ፦ የለበትም። ሐኪሟ ግን ከመድኃኒቱ በፊት ያደረገችውን ልንገርሽ። ዶሮ ቤት ገብታ ቁጢጥ ብላ አፍንጫዋን ወደ ወለሉ አቀረበች፤ ዓይኗ አለቀሰ። ክረምቱ ከብዶ ስለነበር መስኮቶቹን ሁሉ በላስቲክ አሽጌ ነበር። ከኩሱ የሚነሣው አሞኒያ መውጫ አጥቶ፣ የመተንፈሻ ቧንቧቸውን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ሲያሽመደምድ ከርሟል። እነዚያ ፀጉሮች ሥራ ሲያቆሙ ማይኮፕላዝማም ኢ. ኮላይ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያም ሰተት ብለው ይገባሉ። ዶሮ ደግሞ ሳንባዋ ብቻ አይደለም፤ ዘጠኝ የአየር ከረጢቶች አሏት፣ ከፊሎቹም እስከ አጥንቷ ድረስ ይዘልቃሉ። ስለዚህ መስኮቱ ይከፈት።

ሂሩት፦ በዚህ አልስማማም። እናቴ ሰንዳፋ ላይ ጫጩት ታሳድጋለች፤ መስኮት ተከፍቶ ያደረ ሌሊት ጫጩቶቿ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልለው ታፍነው ሞቱባት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት የሚፈልግ ጫጩት የሰንዳፋን የኅዳር ውርጭ አይችልም።

ታደሰ፦ ለጫጩት ልክ ነሽ። ላባ ያወጣ ዶሮ ግን ከብርድ ይልቅ የታፈነ አየር ይገድለዋል። ነፋሱ በቀጥታ እንዳያገኛቸው የታችኛው ይዘጋ፤ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው ይከፈት። ሰጋቱራውንም በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው፤ እንደ ጭብጦ ከቆየ ርሷልና ይቀየር።

ሂሩት፦ ርዕሳችን የዶሮ ኮሌራ ነበር፣ ጋሼ።

ታደሰ፦ እሱም ባክቴሪያ ነው፤ ፓስቴሬላ ይባላል፤ ስሙም ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር በቤተ ሙከራ ያረጀ የዚህ ተዋሲ ዝርያ ዶሮዎችን እንደማይገድል፣ ይልቁንም እንደሚከላከልላቸው ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1880 ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተዳከመ ተዋሲ ለክትባት የዋለው በዚህ ነው፤ በዶሮ በሽታ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሂሩት፦ ምልክቱስ?

ታደሰ፦ ማታ ደህና የነበረ ተርኪ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ተርኪ ከዶሮ ይበልጥ ይጠቃል። የቆየበት ደግሞ አገጩ ሥር ያለው ሥጋ ያብጣል፣ ኩሱም ይቀጥናል። አይጥ ያዛምተዋል፤ የሞተውን ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የፈንግል ክትባት ለዚህም ለማይኮፕላዝማም አይሆንም፤ አንዱን የከተበ ሁሉን የከተበ አይምሰለው።

ሂሩት፦ የቀረውን በሚቀጥለው እንመለስበታለን። የእናቴን መስኮት ግን ዛሬ ማታ አልከፍትም።

ታደሰ፦ የላይኛውን፣ አንድ ስንዝር ብቻ።

ሂሩት፦ የላይኛውን አንድ ስንዝር፤ እሱንም ጫጩቶቹ ላባ ካወጡ በኋላ።