አልቆም ያለ ሴል

«ካንሰር የሚሆነው ያረጀ ሴል ነው ወይ?» ያሉን ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር የደወሉ እናት ናቸው።

አይደለም፣ እማማ። ያረጀ ሴል የምንለው መባዛት ያቆመውን ነው። አልሞተም፣ ሥራውን ይሠራል፤ ብቻ አይከፈልም። ካንሰር ደግሞ አልቆም ያለ ሴል ነው። እስቲ ክንድዎን ይዩት። ማርያም የሳመችው የምንለው ጥቁር ነጥብ አለ? ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ያሉት ሴሎች ወደ ካንሰር የሚገፋ የጂን ለውጥ አለባቸው። ግን ምስር አክለው ቆሙ። ዓመታት አልፈውም እዚያው ናቸው። እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ችግር የሚመጣው ያረጁ ሴሎች ሲጠራቀሙ ነው፤ የሚረጩት ንጥረ ነገር ጎረቤቶቻቸውን ያስቆጣል፣ ለካንሰርም ሊያመች ይችላል።

ከሳቢያን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ «አርኤንኤ የፕሮቲን መልእክተኛ ነው ተብለን ተምረናል። ፕሮቲን የማይሠራው ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብሏል።

ጎበዝ! የሴል መመሪያ ከተጻፈበት ከዲኤንኤያችን ፕሮቲን የሚሠራው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረው ብዙው ግን አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይቀዳል። ከ200 ፊደል በላይ የሚረዝሙትን ረጃጅም ኮድ አልባ አርኤንኤ እንላቸዋለን። አንዱ አንሪል ነው። ሴል መባዛቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ፒ16 የሚባል ፍሬን አለን። አንሪል ጂን የሚዘጉ ፕሮቲኖችን እየመራ ይወስድና የፍሬኑን ጂን ያስዘጋል። ወጣት ሴል መባዛት ስላለበት ይህ ተገቢ ነው። አንሪል ከልክ ሲያልፍ ግን የደንገጎን ቁልቁለት ያለ ፍሬን እንደሚወርድ ኢሱዙ ነው። በወንዶች ፊኛ ሥር ባለው ዕጢ፣ በፕሮስቴት፣ ካንሰር ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል።

«በእንዲህ ያለ አርኤንኤ የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ አለ?» ላሉት የመጋላው አባት፦ አንድ አለ። ፒሲኤ3 የሚባለው አርኤንኤ በሽንት ይለካል፤ አሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። የፕሮስቴት ናሙና ተወስዶ ካንሰር ላልተገኘበት ሰው ድጋሚ ይወሰድ አይወሰድ ለማለት ይረዳል። «ሴል ያድሳል» እየተባለ ለሚሸጥ ነገር ግን ገንዘብዎን አያውጡ።

የከዚራዋ እናት መልሰው ደወሉ፦ «ነጥቤ ታዲያ ያስፈራል?»

ካልተለወጠ አያስፈራም። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በእኛ በጥቁሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው። ማታ እግርዎን ሲታጠቡ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ያደገ፣ ቀለሙ የተቀየረ ወይም የሚደማ ነጥብ ካለ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ያሳዩ።