ላጥፋልሽ?

እሺ። ቬንትሌተሩን አጥፍቻለሁ። ባለፈው "ሄሊኮፕተር ላይ ሆነሽ ነው እንዴ የምታወሪው?" ያላችሁኝ ሁሉ፣ ይኸው ላቤን እየጠረግኩ ነው የማወራው። ደስ ይበላችሁ።

ዛሬ ሌላ ጉዳይ አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት። ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሆነው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ትልቅ ነገር አይደለም። ስጨርስ "ይሄ ነው እንዴ?" ልትሉ ትችላላችሁ። ወዳጄ ኢንጂነሩ እንደዚያ ነው ያለኝ። እሱ ግን ምን ነገር አስደንግጦት ያውቃል?

በፊት ግን የምትጠይቁኝን ልመልስ። ጂፒኤሱን፣ ያን በሳተላይት ቦታ የሚያሳየውን ዕቃ፣ ገዛሽ ወይ? አልገዛሁም። ገና ነኝ። እማዬም በየማታው "ኩኩሉው ነጋ ወይ?" ትለኛለች፤ "አልነጋም" እላታለሁ። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታችን ምን እንደሆነ ካስረዳኋት ጀምሮ ስሙ ኩኩሉ ሆኖ ቀርቷል። ትልቅ ሴት ቁጥር ይዛ ሰው የደበቀው ሣጥን ፍለጋ ድንጋይ ለድንጋይ ስትዞር፣ እናት ሌላ ምን ትበል?

ስልክ አላት አይደል፣ ምን ያደርግላታል የምትሉም አላችሁ። ግማሽ እውነት አላችሁ። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይሄን ስንቴ ተከራክረናል! ዳታው የሚያግዘው ሳተላይቶቹን ቶሎ እንዲያገኝና ካርታ እንዲያወርድ ነው። የት እንዳላችሁ የሚያሰላው ከሳተላይቶቹ ነው። አራት ካገኘ ይበቃዋል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው ሰዓቱን ለማስተካከል። እንዲያውም የአሁኑ ደህና ስልክ ከርካሽ ጂፒኤስ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ችግሩ የድሬ ፀሐይ ነው። እስቲ ሰባት ሰዓት ላይ ደቻቱ አሸዋ መሃል ቆማችሁ ስልክ አውጡ። ስክሪኑ ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ የምታዩት የራሳችሁን ላብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሞቀኝ ብሎ ጥፍት ይላል። ለዚህ ሥራ የተሠራው ዕቃ ግን ፀሐይ በበረታ ቁጥር ስክሪኑ ይበልጥ ይነበባል። ሁለት ድንጋይ ይጎርሳል፣ ያችን የሪሞቷን። ደህና ድንጋይ ካገኘ 20 ሰዓት ይሄዳል። መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ፣ ጉዳዩ አይደለም።

እና ከጋርሚን ኢትሬክሶች የትኛውን? የጨዋታ ጓደኛዬ ሳቂታዋ "ትንሽ ጨምረሽ ኢትሬክስ 32ኤክስን ግዢ" ትለኛለች። ትንሽ! ከየት ነው ትንሹ? 32ኤክስ ቆማችሁም አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ አለው። 22ኤክስ ባለቀለም ካርታ አለው፣ ኮምፓሱ ግን የለውም። ኢትሬክስ 10 የረባ ካርታም፣ ኮምፓስም የለውም። ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ ቀስት፣ ቁጥር፣ በቃ። ቀስቷም የምታምረው ስትራመዱ ነው። ስትቆሙ ግራ ይገባትና ትዞራለች። ሣጥኑ አጠገብ ስትደርሱ ደግሞ መቆማችሁ አይቀርም። በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት መዞር ትጀምራለች ማለት ነው። ዘዴው ወደኋላ መለስ ብሎ እንደገና ወደ ነጥቡ መራመድ ነው። ለኛ ጨዋታ ይበቃል ባይ ነኝ። ባይ ነበርኩ።

ሐረር ከሆነ የትኛውም ዕቃ ያፍራል፣ እሱን ልንገራችሁ። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ፣ ግንቡ ከፍ ያለ ነው። ምልክቱ ግንብ ላይ እየነጠረ ይመጣና ዕቃው የሌላችሁበት ቦታ ያስቀምጣችኋል። ሜዳ ላይ 20 ሜትር ቢሳሳት ምንም አይደል። ጀጎል ውስጥ 20 ሜትር ማለት የሌላ ሰው ግቢ ነው። "ምን ጠፋብሽ?" ይሏችኋል። ምን ትላላችሁ?

እሺ፣ ታይዋን።

ሱቁን አልናገርም። ሰውየው ስልክ፣ ቻርጀር፣ የተለያየ ሳልባጅ ይሸጣል። ደግሞ የአዲስ አበባ ልጆች፣ አንተ እያልኩ ሳወራው እንዳትደነግጡ። ድሬ ላይ አንቱ ብትሉት "ምን አጠፋሁ?" ነው የሚላችሁ። ጂፒኤስ አለህ ወይ ስለው ከጠረጴዛው ሥር የስልክ ካርቶን አወጣ። ውስጡ ቢጫና ጥቁር ኢትሬክስ 10። ጎኑ ላይ ያሉት ጎማ ቁልፎች አንዱ ተልጧል። ጀርባው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ተልጦ፣ ሙጫው አቧራ ይዞ ቀርቷል። አንድ ሰው ስሙን ለጥፎበት የነበረ ይመስላል።

ያጠናሁትን ሁሉ አደረግኩ። መጀመሪያ ቀኑን አየሁ። ያገለገለ ጂፒኤስ ስትገዙ ቀኑን እዩ። ሲስተሙ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፤ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። መጨረሻ የዞረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ነበር። አንዳንድ አሮጌ ዕቃ እዚያ ላይ ተምታቶበት ከሃያ ዓመት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። ይሄኛው ትክክል ነው። የድንጋዩን ቤት ከፈትኩ፤ ዝገት የለም። ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር ሳተላይት ስለማይገኝ ወደ በረንዳው ወጣን። ሻይ አዘዘልኝ። እየጠጣን የሳተላይት ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ብስት በአምስት ሜትር ነው አለ። እኔ በሆዴ "የኔ ነህ" ብያለሁ። ዋጋ ብቻ ነው የቀረን።

ከዚያ የተመዘገቡ ነጥቦችን ዝርዝር ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፤ እጄ ነው የሄደው። ዕቃው 1,000 ነጥብ ይይዛል፤ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው። ባዶ አይደለም።

ዝም ብላችሁ ብትመዘግቡ ዕቃው ራሱ 001፣ 002 እያለ ነው የሚሰይመው። ይሄ ሰው ግን፣ ሴትም ልትሆን ትችላለች፣ ስም ሰጥቷቸዋል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ዕቃው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ዱላ ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ፊደል በፊደል መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሰለች ሞክራችሁ እዩት። ቤት ይላል፣ ቅርብ ነው፣ እዚሁ ድሬ። ውሃ 1፣ ውሃ 2፣ ውሃ 3 እያለ ይቀጥላል፣ ሽንሌን አልፎ ወደ ቆላው። ሐይቅ የሚል አለ፣ ሐረማያ ነው። እና መጨረሻ ላይ፣ በጣም ሩቁ፦ ኤል፣ አይ፣ ጄ። ልጅ።

48 ኪሎ ሜትር ይላል። ከፍቼ ቁጥሩን አየሁት። 9 ዲግሪ ከ54 ምናምን። 42 ዲግሪ ከ10 ምናምን። ሰሜን ምሥራቅ መሆኑ ነው። ምናምን የምለው ረስቼው አይደለም።

ሰውየው ከትከሻዬ በላይ አየ። "እሱን ላጥፋልሽ" አለኝ። እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ሁሉንም አጥፋ የሚለው ጋ አደረሰው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ዕቃው ጠየቀ። አውራ ጣቱ ዱላዋ ላይ ነው። እኔ "ቆይ" አልኩ።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ቆይ ብቻ።"

ከዚያ፣ ልብ በሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "አትፍሪ፣ የሞተ ሰው ዕቃ አይደለም" አለኝ።

ማን ስለ ሞት አነሳ? እኔ አላነሳሁም። ፊቴ ላይ ያየው ነገር ይኖራል? ምናልባት። ገበያ ላይ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ የተሰረቀ አይደለም ማለት ያለ ነው፤ እሱን ለምደነዋል። ይሄን ግን ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ሁሉም ገዢ ይጠይቀዋል፣ ሰልችቶት ቀድሞ መለሰ። ምናልባት ቀልዱ ነው። ድሬ ነው፣ በሞትም ይቀለዳል። እንደዚያ እላለሁ፣ ከዚያ ማታ ስተኛ "አትፍሪ" የሚለው ይመጣብኛል። የሞተ ሰው ከሚለው ይልቅ አትፍሪ የሚለው።

ኢንጂነሩን ደወልኩለት። "ልጅ ኢያሱ የደበቀው ወርቅ ነው" ብሎ አሾፈ። ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ከምሩ ሲያወራ፣ ውሃ ውሃ የሚለውን አይቶ የጉድጓድ ቆፋሪ ወይም የድርጅት ሾፌር ዕቃ ነው አለ። ልጅ የሚለው የሰው ስም ምህጻረ ቃል ይሆናል፣ ወይ የልጁ ትምህርት ቤት። እዚያ ቆላ ላይ? "እሺ፣ የሚስቱ ዘመዶች አገር።" ኢንጂነሩ ለሁሉም መልስ አለው።

አንድ ነገር ግን እሱም ተቀብሎኛል። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን የሚባለውን የቦታ መለኪያ መነሻ ነው የሚጠቀሙት፤ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን። ከወረቀቱ ካርታ ቁጥር ገልብጣችሁ ሳታስተካክሉ ብታስገቡ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል። በጨዋታችን ይሄ የተቀበረ ፈንጂ ነው፣ ሳቂታዋ ቀኑን ሙሉ የተሳሳተ ዛፍ ስትዞር የዋለችው በሱ ነው። ቦታው ላይ ቆሞ ዱላዋን ጫን አድርጎ የመዘገበ ሰው ግን ይሄ ችግር የለበትም። እና እኔ የማስበው ምንድነው፣ ይሄ ሰው ቆሞ ነው የመዘገበው ወይስ ሰው ነግሮት ነው ያስገባው? ቆሞ ከሆነ፣ እዚያ ቆሞ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲመርጥ አየዋለሁ። ኤል። አይ። ጄ።

የሐይቁም ነገር አለ። ሐረማያ ደርቆ ሰው መሃሉ ላይ ሲሄድ ነበር፣ ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ነጥቡ የተመዘገበው ሲደርቅ ነው ሲሞላ? ዳር ላይ ነው መሃል? መሃል ከሆነ አሁን በጀልባ ነው የሚኬደው። ይሄ ምን አገባኝ? እኔ እንጃ። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ጨዋታው እንዴት እንደተጀመረ ነግሬያችሁ የለ? እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 አሜሪካኖቹ ሆን ብለው የሚያዛቡትን ምልክት ማዛባት ተዉ። ከዚያ በፊት ለሲቪል ሰው እስከ መቶ ሜትር ይስት ነበር። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ ጥቁር ባልዲ ደበቀና ቁጥሩን ለዓለም ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ የባቄላ ጣሳ ሳይቀር ነበረበት። ባቄላ! ይሄን ስሰማ ነው ጨዋታውን የወደድኩት። ኡልመር ግን ኑና አግኙት ብሎ ነው የሰጠው። ይሄኛው፣ የዕቃው ባለቤት፣ ለማንም አልሰጠም። የራሱ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣሁ አየሁት፣ አሁን ከነመጨረሻው ሦስት አሃዝ በቃሌ ነው። ባለሱቁ ከዕቃው ቢያጠፋውስ? ከኔ ማን ያጠፋዋል? ሙሉውን እዚህ አልናገርም። አትጠይቁኝ። በተለይ አንቺ ሳቂታዋ፣ መኪና አለኝ ብለሽ እንዳትጀምሪ።

ሄዶ ማየት አማረኝ? አዎ። አይ፣ አላማረኝም። ትምህርት ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌላ ነገር ቢሆንስ፣ ድንጋይ ክምር ቢሆን፣ እዚያ ቆሜ ምን ልሆን ነው? እንደ ጨዋታችን፣ ሣጥን እንዳገኘ ሰው፣ ስሜን ጽፌ ልመለስ?

ስለ ዋጋው እንኳን አላወራንም። "እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ያው እመለሳለሁ እንደምንለው።

ትናንት ለባለሱቁ ደወልኩለት። አለ፣ አልተሸጠም። ሌላ ሰው ጠይቆታል፣ ለመሬት ልኬት ነው መሰለኝ፣ "ቶሎ ወስኚ" አለኝ። "ዝርዝሩን አጥፍተኸዋል?" አልኩት። "የምሸጥልሽ ንጹህ ዕቃ ነው" አለ። ይሄ አዎ ነው አይደለም? ደግሜ ልጠይቀው አልኩና አፈርኩ። ደግሞ ቅናሽ እንዲያደርግልኝ እፈልጋለሁ፣ እሱም አለ። ያገለገለ ስለሆነ ይረክሳል እኮ፣ ሌላ እንደሱ አላገኝም። አዲሱን ልግዛ ካልኩ ደግሞ ሰው ከውጭ እስኪመጣ ነው።

ዕቃው በሚኒ ዩኤስቢ ነው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው፣ የድሮዋ ወፍራም አፍ ያላት። ገመዱ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ካላጠፋው ዝርዝሩን እገለብጠው ነበር። ገልብጬ ደግሞ ምን እንደማደርገው... ባለቤቱን ልፈልግ? የት ብዬ? "ቤት" የሚለው ነጥብ አለ እኮ፣ እዚሁ ሁለት ኪሎ ሜትር። እሱን አላሰብኩትም ነበር። ቆይ፣ አሁን ነው የመጣልኝ። ቤቱ አለ። ግን የሰው በር አንኳክቼ ምን... አይ፣ ተዉት። ሞቀኝ፣ ቬንትሌተሩን ልክፈተው። ገመዱን ግን ጻፉልኝ።