ስንተኛ ፎቅ ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ፍርሃት ነው። የእኔ ፍርሃት ሊፍት ስለሆነ ከሊፍት ልጀምር።

አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት የሚፈራ ሰው ሳይነቃበት ብዙ ዓመት መኖር ይችላል። ኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይም «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይቆያል። በደረጃ ስትወጡ ማንም «ምነው?» አይላችሁም። እንዲያውም «ስፖርት ነው» ብላችሁ ትኮራላችሁ። እኔ የተቸገርኩት ከተማው ወደ ላይ ማደግ ሲጀምር ነው። ሥራ ሲገኝ ከደመወዙ በፊት የምጠይቀው «ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብዬ ነበር። አሥራ አንደኛ ካሉኝ «አስቤበት እደውላለሁ» እላለሁ። አልደውልም።

በሩ ሲዘጋ ልቤ ይደልቃል። እጄን ያልበኛል። አየሩ ያለቀ ይመስለኛል። «አሁን መብራት ይጠፋል፣ እዚሁ ታፍኜ እሞታለሁ» እላለሁ። መብራት ይጠፋል ብሎ መፍራት ደግሞ እኛ አገር ቅዠት ነው አይባልም።

ስለ ሊፍት ያላነበብኩት የለም። አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ውስጥ ሕዝብ ፊት ሊፍቱ ላይ ቆሞ ገመዱን እንዳስቆረጠና ፍሬኑ እንደያዘለት አውቃለሁ። የዛሬ ሊፍት ከአንድ በላይ ገመድ እንዳለው፣ ሳጥኑም አየር እንደሚያስገባ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የምወጣው በደረጃ ነበር። ጭንቀት ያለበትን ሰው በመረጃ ለማሳመን የምትደክሙ ወዳጆች፣ እናመሰግናለን። መረጃው ግን አለን።

በኋላ የሄድኩባት ሳይኮሎጂስት የሠራችልኝ ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባለውን ነው። የምትፈሩትን ነገር በዕቅድ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ደጋግማችሁ ትጋፈጡታላችሁ። ስትነግረኝ፣ «እኔ ገንዘብ ከፍዬ የመጣሁት ሊፍት ውስጥ ልትከቺኝ ነው?» ልላት ምንም አልቀረኝም።

መጀመሪያ ያስረዳችኝ ሽሽት ፍርሃትን እንዴት እንደሚቀልበው ነው። ሊፍቱ ጋ ደርሼ ወደ ደረጃው ስዞር እፎይ እላለሁ። ያ እፎይታ የአራጣ ብድር ነው። ለዛሬ ያወጣችኋል፣ ነገ ከነወለዱ ትጠየቃላችሁ። አእምሮዬ «ዳንን፣ ያዳነን ደረጃው ነው» ብሎ ይመዘግባል። ሊፍቱ እንደማይገድል የሚማረው መቼ ነው? ገብቶ አያይ!

ከዚያ ዝርዝር አወጣን። ለእያንዳንዱ ነገር ከ0 እስከ 100 የጭንቀት ነጥብ ሰጠሁ። ይህን መለኪያ ያመጣው ጆሴፍ ዎልፒ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ነው። ከታች የነበረው ሊፍቱ አጠገብ ቆሞ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት ነው። ቀጥሎ በሩ ሳይዘጋ ገብቶ መውጣት። ከእሷ ጋር አንድ ፎቅ። ብቻዬን አንድ ፎቅ። እያለ እስከ ላይ።

ከመግባቴ በፊት ሁሌ ታስጽፈኛለች። «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ።» ገብቼ፣ ተንቀጥቅጬ እወጣለሁ። «ወደቅሽ?» «አልወደቅሁም።» «ፈራሽ?» «በጣም!» «ጥሩ፣ እሱንም ጻፊው።» እኔ የጠበቅሁት ፍርሃቱ እስኪጠፋ እንድንሠራ ነበር። እሷ ግን ፍርሃቱ ቢኖርም ባይኖርም ግድ ያላት አትመስልም። ስለዚህ ጉዳይ በካሊፎርኒያ የምትሠራው ሳይኮሎጂስት ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ ብዙ ጽፈዋል። የድሮው ፍርሃት ከአእምሮ አይፋቅም ይላሉ። አጠገቡ አዲስ ትምህርት ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይፎካከራሉ። አዲሱ እንዲያሸንፍ በልዩ ልዩ ቦታ መደገም አለበት። ስለዚህ ሆቴል፣ ባንክ፣ የገበያ ማዕከል አዞረችኝ። ሰው ሲሞላበትም፣ ብቻዬንም።

ቢሮዋ ውስጥ ደግሞ ወንበር ላይ አሽከረከረችኝ። አፍንጫዬን ይዤ በስትሮ አስተነፈሰችኝ። ማዞሩንና የትንፋሽ ማጠሩን ሆን ብላ ለማምጣት ነው። የምፈራው ሊፍቱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ልቤን ምት ነበርና።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። ሊፍት ስገባ ውሃ እይዛለሁ፣ ስልኬን እጨብጣለሁ፣ ቁልፎቹ አጠገብ እቆማለሁ፣ «አቡነ ዘበሰማያት» እየደጋገምኩ እቆጥራለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አስጣለችኝ፤ አለዚያ አእምሮዬ «ያዳነን እነሱ ናቸው» ይላላ። ጸሎቱ ላይ ስንደርስ ቅር አለኝ። «ጠዋት ቤትሽ እንደ ልማድሽ ጸልዪ፣ እዚህ ግን ገመዱ እንዳይበጠስ እየቆጠርሽ የምትደግሚው ከሆነ ሌላ ነገር ነው» አለችኝ። ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳቁና፣ «እውነቷን ነው፤ እግዚአብሔርን ገመድ ጠባቂ አታድርጊው» አሉኝ። እኔም ተውኩት።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት በዋናነት ይህንን ነው። እማዬ እንደምፈራ ካወቀች ጀምሮ ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ጉዳይ ካለኝ ወንድሜን ትልከዋለች። «ተዪው ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ፣ እሱ ይሄድልሻል።» ይህን ፍቅር ማን ይጠላል? እኛ ዘንድ የተጨነቀን ሰው ብቻውን መተው ነውር ነው። ግን ወንድሜ በሄደልኝ ቁጥር ሁለታችንም «እሷ አትችልም» ብለን እየፈረምን ነበር።

በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚባል ሳይኮሎጂስት ይህን ይዞ ሕክምና ቀርጿል። ልጁን ትቶ ወላጆቹን ብቻ ነው የሚያሠለጥነው። ወላጆች ለፍርሃቱ ማገዛቸውን ቀስ በቀስ ሲያቆሙ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሕክምና ከወሰዱት ያላነሰ ለውጥ አሳይተዋል። የእኔዋም ሳይኮሎጂስት እማዬን አስጠራቻት። «እንደምትፈሪ አውቃለሁ፣ ግን ትችዪዋለሽ» በያት፣ ከዚያ ዝም በይ አለቻት። እማዬ ዝም ማለት ከብዷት ነበር። ለተወሰኑ ሳምንታት ስሟን አትጠራም፣ «ያቺ ጨካኝ» ነበር የምትላት።

መሻሻል ስጀምር ደግሞ የፈራሁት ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሊፍት የሚባል ነገር ጋ ዝር አልልም አልኩ።

የዚያን ሰሞን ነው ሳይኮሎጂስቷ የትንሹን ፒተርን ታሪክ የነገረችኝ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ከቨር ጆንስ ኒውዮርክ ውስጥ ያከመችውና ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመችው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ጥንቸል የሚፈራ ልጅ ነው። ፒተር ከማይፈሩ ልጆች ጋር እየተጫወተ መሻሻል ጀመረ። መሃል ላይ ታሞ ሁለት ወር ቀረ። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ትልቅ ውሻ ዘለለበት፣ ፍርሃቱም ተመለሰ። ጆንስ አልተወችውም። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በየጊዜው ጥቂት እያስጠጋች እንደገና ጀመረች። መጨረሻ ላይ ጥንቸሉ ጣቱን ሲነካካው ዝም የሚል ልጅ ሆነ።

እኔም ዝርዝሩ ላይ ወረድ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ሳይኮሎጂስቷ «መብራት አይጠፋም» ብላ አላታለለችኝም። ያስጻፈችኝ፣ «ጠፋ። አለቀስኩ። አየር አላለቀም» የሚለውን ነው። አሁን ቢሮዬ ዘጠነኛ ፎቅ ነው። አሁንም በሩ ሲዘጋ ሆዴ ይገለበጣል።

ነገሩ ለሊፍት ብቻ አይደለም። እጁን መታጠብ ማቆም ላቃተው ሰው የበር እጀታ ነክቶ ሳይታጠቡ መቆየት ነው። ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ነው። ጦርነት ወይም ጥቃት ላለፈበት ሰው ትዝታውን መልሶ መናገርም አንዱ መንገድ ነው። ያኛው ግን የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በቤት አይሞከርም። «ግፋትና ይለቃታል» የሚባለውም ኤክስፖዠር አይደለም። ተማሪ ሳለን ጓደኞቼ ሊፍት ውስጥ ከተውኝ በሩን ይዘውብኝ ነበር። ሰውየው ራሱ ወስኖ ካልገባ የሚማረው ሰው እንዳያምን ነው።

አንዲት አድማጭ፣ «እኔ ደም ሳይ በእውነት እወድቃለሁ፣ ለእኔም ይሠራል?» ብላ ጠይቃኛለች። ይሠራል፣ ግን የአንቺ ትንሽ ይለያል። ደም ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ወዲያው ስለሚወርድ ነው። ስለዚህ ዘና በይ አይባልም። ስዊድናዊው ሳይኮሎጂስት ላርስ ዮራን ኡስት ለዚህ የሚሆን ዘዴ አዘጋጅቷል። የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ መወጠር፣ ፊት ሞቅ ሲል ማላላት፣ ትንሽ ቆይቶ መድገም። መርፌ የምትወጊ ከሆነ የሚወጋውን ክንድ ግን አላልተሽ ተዪው። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፣ ከዚያ ከባለሙያ ጋር ተለማመጂው። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። መልካም ሳምንት።