ጌም አይቶ ጌም መሥራት ሌብነት ነው?

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደተለመደው ከደብረ ብርሃን ነኝ።

2048ን ሁላችሁም ተጫውታችኋል። ቁጥሩን እየገፋችሁ የምትደምሩት ጌም። ትሪስ (Threes) የሚባለውን ተመሳሳይ የቁጥር ጌም ግን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በፈረንጆቹ የካቲት 2014 ነው የወጣው። ሰሪዎቹ ከዓመት በላይ ለፍተውበታል። በወሩ ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ትሪስን ከሚመስል ጌም ተነስቶ 2048ን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሠርቶ በነጻ ለቀቀው። ዓለም እሱን ተጫወተ። ጭራሽ ትሪስን "የ2048 ኮፒ" ያሉት ሰዎች ነበሩ! እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

እስቲ መንዝ እንውጣ። ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ሲሠራ አይታችኋል? ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ጥቁሩ ጠጉር የት ይግባ፣ ነጩ የት፣ ሸማኔው ነው የሚያውቀው። ታዲያ አንድ ልጅ ጎረቤቱን አይቶ ሽመና ቢለምድ ማን ሌባ ይለዋል? ማንም! ሁሉም እንደዛ ነው የለመደው። ግን የሰውየውን ባና ከተሰጣበት አንስቶ፣ ጠርዙን ቆርጦ፣ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ብሎ ገበያ ቢያወጣውስ? ሽመናው የሁሉም ነው፤ ባናው ግን ባለቤት አለው።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፣ የተሠራውን ሥራ እንጂ። አሜሪካም በፈረንጆቹ 2012 የቴትሪስ ጌም ባለቤት ሲዮ የሚባለውን ድርጅት ፍርድ ቤት የረታው፣ ሲዮ የጌሙን መልክ፣ የሜዳውን ስፋት ሳይቀር ስለቀዳ ነው።

ቆይ፣ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችሁ "የጌሙ ኮድ (የተጻፈበት ፕሮግራም) ለሁሉም ክፍት ከሆነ የማንም አይደለም" ትሉኛላችሁ። አይደለም! ክፍት ማለት ባለቤቱ ፈቀደ ማለት ነው፣ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የ2048 ኮድ ኤምአይቲ (MIT) በሚባል የክፍት ኮድ ፈቃድ ነው የተለቀቀው። ቀይረው ይላል፣ ሽጠው ይላል፣ የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ብቻ አብረህ አስቀምጥ ይላል። እና ይቺን አጭር ጽሑፍ አጥፍቶ፣ ቀለም ቀይሮ፣ ማስታወቂያ ደርድሮበት የሚለቅ ሰው አለ። ስሙን እንዳለ ብታስቀምጠው ምን ይጎድልሃል?

ቺሩሊ ራሱ ገጹ ላይ የትሪስን ስም ጽፏል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጌምም በፈረንጆቹ 1999 ሲጀምር ሃፍ ላይፍ በሚባል ጌም ላይ የተሠራ ሞድ፣ ማለትም ሌሎች የቀየሩት ጌም ነበር፤ የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭ ሰሪዎቹን ወደ ራሱ ወሰዳቸው። ሌላው የሠራው ላይ መሥራት ነውር አይደለም። የራስህን ጨምርበት፣ ከማን እንደተነሳህም ተናገር።

ሸዋ ሮቢት ሁኑ መሐል ሜዳ፣ ጌም የምትሠሩ ልጆች፣ ከየትኛው ጌም እንደተነሳችሁ መግቢያው ላይ ጽፋችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ እዚሁ እየተጫወትኩ አሳያለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ።