የፖስታ ልዑላን
ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ጀርመን መሳፍንት ዘር ይናገራል ሲባል ሆሄንዞለርን ወይም ቪትልስባኽ ጠብቃችሁ ይሆናል። የእነሱ ታሪክ በየቦታው ይነገራል። እኔ የመጣሁት በፖስታ ሥራ የከበረ ቤተሰብ ይዤ ነው፤ ቱርን ኡንድ ታክሲስን።

መነሻቸው ጀርመን እንኳ አይደለም። ከሰሜን ጣሊያን፣ ቤርጋሞ አካባቢ ካለች ኮርኔሎ ከምትባል የተራራ መንደር ናቸው። ስማቸው ታሶ (ኋላ ታክሲስ የሆነው)፣ ሥራቸው መልእክት ማድረስ ነበር። በፈረንጆች 1490፣ ኋላ ጀርመንን ያቀፈው የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት የሆነው ማክሲሚሊያን፣ ከኢንስብሩክ (የዛሬዋ ኦስትሪያ) እስከ ሜኸለን (የዛሬዋ ቤልጂየም) የሚዘልቀውን የፖስታ መስመር ሰጣቸው። በ1505 ፍራንዝ ፎን ታክሲስ የገባበት ውል ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከብራስልስ ኢንስብሩክ በበጋ 5 ቀን ተኩል፣ በክረምት 6 ቀን ተኩል። ፓሪስ በበጋ 44 ሰዓት። ዘዴው ቅብብሎሽ ነው። በየጣቢያው ያረፈ ፈረስና እንቅልፉን የጠገበ ፈረሰኛ ይጠብቃል። ሰው ያድራል፣ ደብዳቤው አያድርም። እኔን ብትጠይቁኝ የቤተሰቡ ትልቁ የክብር ወረቀት ይህ ውል ነው።

ዘመኑ ግን በዚህ አይረካም። በ1615 የንጉሠ ነገሥቱ ፖስታ ሹመት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ርስት ሆነላቸው። ገንዘቡ ገባ። የጎደለው አጥንት ነው። ያኔ በብዙ የጀርመን ካቴድራሎች ከካህናቱ ጉባኤ መቀመጫ የሚፈልግ የጌታ ልጅ ዘሩን አስቆጥሮ ነበር የሚገባው። ከቅድመ አያት አንድ ትውልድ ከፍ ብለው ያሉት 16 ሰዎች በሙሉ መኳንንት መሆን አለባቸው። የእያንዳንዳቸው አርማ በሠንጠረዥ ተሥሎ ይቀርባል፣ ሌሎች መኳንንት በመሐላ ያረጋግጡለታል። ከ16ቱ አንዷ የነጋዴ ልጅ ከሆነች፣ በቃ፣ አለቀ።

እዚህ ላይ አሌክሳንድሪን የምትባል ሴት ትመጣለች። በ1628 የፖስታው ሹም ባሏ ሞተ። ልጇ ገና ትንሽ ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሀገሩን እያመሰው፣ እሷ እስከ 1646 የግዛቱን ፖስታ በራሷ መራች። በዚያ ሁሉ ውጥረት መሐል ዘር ቆጣሪ ባለሙያዎችን ቀጠረች። እነሱም የሚያስደስት ዜና ይዘው ከች አሉ፤ ታክሲሶች፣ ተቀናቃኞቹ ቪስኮንቲዎች ከማባረራቸው በፊት ሚላኖን ይገዙ የነበሩት የቶሪያኒ ዘር ናቸው፣ አንዱ አምልጦ ወደ ቤርጋሞ ተራሮች ገብቶ ነው አሉ። ማስረጃው የት አለ? የለም። ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ሣልሳዊ ግን በ1650 ተቀበለው። ቶሪያኒዎች የሚታወቁት በግንብ ነበርና፣ በስሙ ላይ ግንብ ማለት የሆነው «ቱርን» ተጨመረ፣ በአርማውም ላይ ግንብ ተሣለ። የጥንቱ የታሶ ምልክት፣ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖር ትንሽ አውሬ፣ መሐል ላይ ሳይነካ ቀረ። እኔ ይህን አውሬ እወደዋለሁ።

ፈጠራ ነው ብሎ መሳቅ ይቻላል። ግን ያስገኘውን ተመልከቱ። በ1695 የልዑልነት ማዕረግ መጣ። በ1748 ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው በግዛቱ ጉባኤ ለመቀመጥ ሬገንስቡርግ ገቡ። በ1754 ከመሳፍንቱ ምክር ቤት ወንበር አገኙ። ሀብትና ሹመት ባይኖር ያ የዘር ሠንጠረዥ ብቻውን ምንም አያመጣም ነበር። ሀብቱም ቢሆን ያለ ሠንጠረዡ በር ላይ ይቆም ነበር።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። በ1806 ግዛቱ ፈረሰ። በ1812 ከባቫሪያ በካሣ መልክ እዚያው ሬገንስቡርግ ያለውን የቅዱስ ኤመራም ገዳም አገኙና ቤተ መንግሥታቸው አደረጉት። በ1867 ፕሩሲያ ፖስታውን በ3 ሚሊዮን ታለር ጠቀለለችው። በ1919 የቫይማር ሕገ መንግሥት የመኳንንት ማዕረግ ከእንግዲህ የስም አካል ብቻ ነው አለ። ስለዚህ ዛሬ ጀርመን ውስጥ «ልዑል» የሚል ቃል መታወቂያ ላይ ብታዩ የአባት ስም ነው፤ ቀበሌ ላይ ወረፋ አያስቀድምም። ቤተ መንግሥቱንም ትኬት ቆርጣችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። 16ቱንም በስም መጥራት የሚችል ካለ፣ ማይኩን መጀመሪያ ለእሱ ስጡልኝ።