የተማሪውን ደመወዝ ግማሽ መንግሥት ሲችል፦ ከካናዳ የጭነት መኪና ቢሮዎች እስከ ድሬዳዋ

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ማለዳ። ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች ቆመዋል። አንድ ረዳት ሸራ እያጠበቀ ነው።]

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ከባድ መኪና ነው። ስለ ሹፌሩ ግን አይደለም። ከሹፌሩ ጀርባ ስላለው ቢሮ፣ እዚያ ቢሮ ጥግ ላይ ስለሚቀመጠው ተማሪ ነው።

ያ ተማሪ እኔም ነበርኩ። ሎጂስቲክስ ስማር ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የጭነት ድርጅት ተላክሁ። ስምሪት ክፍሉን የያዘችው አንዲት ሴት ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልክ አለ። መስኮቷ ላይ ሹፌሮች ተደርድረዋል። አንዱ ጎማ ፈንድቶብኛል ይላል። አንዱ ድንበር ላይ ሰነድ ጎድሎት የቆመ ጓደኛውን ጉዳይ ይዞ መጥቷል። ሌላው የነዳጅ ብር አልገባልኝም እያለ ይጮኻል። እኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በሁለት ወር ውስጥ የጭነት ሰነድ እንዴት እንደሚነበብ ቁጭ አድርጋ ያሳየችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ኔትወርክ ጠፍቶ ስልኮቹ ዝም ስላሉ።

ክፉ ሆና አልነበረም። እኔን ለማስተማር የምታጠፋውን ሰዓት የሚከፍል ሰው ስላልነበረ ነው።

ካናዳ ውስጥ መንግሥት ያንን ሰዓት ይገዛል። የዛሬው ወሬያችን ይሄ ነው።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ፣ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይጻፋሉ።]

የካናዳ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የተማሪዎች የሥራ ልምምድ ፕሮግራም ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የሚማር ልጅን፣ ከሚማረው ጋር በሚገናኝ ሥራ ለቀጠረ ድርጅት፣ መንግሥት የደመወዙን ግማሽ ይመልስለታል። ጣሪያው 5,000 የካናዳ ዶላር ነው። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመት ከሆነ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆነ፣ ለአገሩ አዲስ ከሆነ፣ ወይም ከነባር ሕዝቦች ወገን ከሆነ፣ ድጎማው ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዘርፍ ለሚማሩ ሴቶችም እንደዚያው። ጣሪያው ያኔ 7,000 ይሆናል።

በቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት ለአንድ ተማሪ በጠቅላላ 12,000 ዶላር ከፈለ እንበል። ግማሹ 6,000 ነው፤ ግን ጣሪያው 5,000 ስለሆነ ድርጅቱ 7,000 ከኪሱ ያወጣል። ተማሪዋ የመጀመሪያ ዓመት ከሆነችስ? 70 በመቶው 8,400 ነው፤ ጣሪያው 7,000 ላይ ያቆመዋል። ከድርጅቱ ኪስ የሚወጣው 5,000 ብቻ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ተማሪው ደመወዙን ሙሉ የሚያገኘው ከቀጣሪው ነው። ገንዘቡ የሚመለሰውም ለቀጣሪው ነው። በጭነት ትራንስፖርቱ ዘርፍ ይህን ከሚያስተባብሩት አንዱ ትራኪንግ ኤች አር ካናዳ የሚባል ተቋም ነው።

ተማሪና ከባድ መኪና ሲባል ብዙ ሰው መሪ የጨበጠ ልጅ ነው የሚታየው። የመሪው መንገድ ሌላ ነው። ለምሳሌ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ለመፈተን ቢያንስ 103.5 ሰዓት መሠልጠን ግዴታ ነው። ድጎማው ግን ስምሪቱን፣ ሂሳቡን፣ የደህንነት ክትትሉን፣ ኮምፒውተሩን ጭምር ይነካል።

እኔ በጣም የወደድኩት አንድ ደንብ አለ። ፕሮግራሙ ሲጀመር፣ ቀጣሪው ድሮም ይቀጥራቸው ከነበሩት ተማሪዎች በላይ አዲስ ቦታ እንዲከፍት ተጠይቋል። ሊያደርገው የነበረውን ነገር አድርጎ ብር እንዳይቀበል ማለት ነው። ድጎማ እንደ ዋዛ የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ ይሄ ቁልፍ ነገር ነው።

[ምስል፦ መልካ ጀብዱ አካባቢ፣ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች።]

አሁን ወደ ድሬ እንመለስ። ይቺ ከተማ የተወለደችው ከጭነት ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። ዛሬም አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ደረቅ ወደቡ እዚህ አለ። ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2022 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተከፍቷል። አቦ፣ ተማሪ ሥራ የሚለምድበት ቦታ ድሬ ላይ ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?

ድጋፍ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፈው ፕሮጀክት፣ የከተሞች ሴፍቲኔት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረር ሁለቱም ነበሩበት። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ምዕራፍ ደግሞ ለወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድ ተጨምሮበታል፤ ወጣቱ እየለመደ ከፕሮጀክቱ የኪስ ገንዘብ ያገኛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የታሰበው ብዙ ላልተማረው ወጣት ነው። እንደኔ ከኮሌጅ ለልምምድ የተላከውን አይነካም። እሱን ለምታስተምረው ሴት ሰዓትም አያስብም።

ደግሞ አንድ የከበደ ነገር አለ። በካናዳው መንገድ ድጎማ የሚከፈለው በፔሮል፣ ማለትም በደመወዝ መዝገብ ላይ ነው። ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ ይፈልጋል። እኛ ጋ ብዙ ረዳት ውል የሚባል ወረቀት አይቶ አያውቅም። ክፍያው በጉዞ ነው፤ አንዳንዴም ከሹፌሩ ኪስ ነው። ያልተጻፈ ደመወዝ ግማሹ ስንት ነው ተብሎ ይሰላል?

ለዚህ ነው ከረዳቱ ሳይሆን ከስምሪት ክፍሉ ይጀመር የምለው። እዚያ ፔሮል አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ ኃላፊ አለ። ከተማ አስተዳደሩ በጥቂት ድርጅቶች ለአንድ ክረምት ይሞክረው። ክፍያው ሁለት ፊርማ ያለበት ወረቀት ሲቀርብ ብቻ ይለቀቅ፤ አንዱ የተማሪው፣ አንዱ ያስተማረው ሰው። ካስተማረው ሰው ስም ትይዩ ደግሞ ምን እንዳስተማረ ይጻፍ፦ የጭነት ሰነድ ማንበብ፣ የነዳጅ ሂሳብ ማወራረድ፣ መንገድ ላይ ለቆመ መኪና መፍትሔ መፈለግ።

[ምስል፦ የስምሪት ቢሮ። ሁለት ስልክ ያለበት ጠረጴዛ። ወንበሩ ጥጉን ለቆ ጠረጴዛው አጠገብ ቀርቧል።]

ዘንድሮ ለልምምድ የምትወጡ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ጠይቁ። ስሜ ፔሮል ላይ ይገባል ወይ? የሚያስተምረኝ ሰው ማን ነው? መልሱን ከታች ጻፉልኝ፤ የድርጅቱን ስም ግን ተዉት።